በቆሙ መኪኖች መካከል

አጥኚዋ መጥፎ ሰው አይደለችም፤ ይህን ከወዲሁ ተነጋግረን ብንጀምር ይሻላል። ሥራዋ መንገድ ሲሰፋ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ ፋብሪካ ሲተከል በአካባቢውና በነዋሪው ላይ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ማጥናት ነው። አቧራ ትለካለች፣ ጩኸት ትለካለች፣ ዛፍ ትቆጥራለች፣ ሰው ታነጋግራለች። ጥናት የሚሠራ ሰው ከመኪናው አይወርድም እያላችሁ የምታሙ ካላችሁ፣ ሐሜቱ እሷን አይመለከትም። ቢሮ የምትገባው ጫማዋ አቧራ ለብሶ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ "ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ጉድጓድ ወጣሽ?" እያለች ትቀልድባታለች።

ታዲያ አንድ ቀን የምትሠራበት አማካሪ ድርጅት ያደገችበትን መንገድ እንድታጠና ሰጣት። መንገዱ በመጨናነቅ የታወቀ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ የገባበት ሾፌር ጢም አብቅሎ ይወጣል እየተባለ ይቀለድበታል። ጠዋት አይሄድ፣ ማታ አይሄድ፤ መኪናው መከላከያ ለመከላከያ ተነካክቶ፣ ጥሩምባው እየጮኸ፣ ጭሱ እየታፈነ ይውላል። ይስፋ ሲባል ደስ ያላለው ሰው አልነበረም፤ እሷም ደስ ብሏታል።

በዚህ መንገድ ወዲህ ማዶ እናቷ ይኖራሉ። ወዲያ ማዶ፣ በር ለበር ፊት ለፊት፣ የእናቷ ታላቅ እህት ይኖራሉ። አጥኚዋ እናቷን "እማዬ"፣ አክስቷን "ትልቋ እማዬ" እያለች ነው ያደገችው፤ እኛም እንደሷ እንበላቸው፣ አንቱታውንም እንደሷ እንተወው። ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረዋል። እማዬ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ዓይኗ እንደ ልጅነቷ ነው፣ ጉልበቷ ግን ከድቷታል። ትልቋ እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከሩቅ ሰው ትለያለች፣ የቅርቡ ግን ይደበዝዝባታል፣ ጆሮዋም ደከም ብሏል። ስለዚህ እማዬ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ተሻግራ ትሄድና ለእህቷ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ለነገ የሚበቃውን ሁሉ አስገብታ መርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ትሰካላታለች። ከዚያ ሻይ ይጠጣል፣ ጎረቤት ይታማል፣ አንዳንዴም ይጣላሉ። ተጣልተው ያደሩበት ቀን የለም፤ በማግስቱ መርፌው ይጠብቃላ።

ልጆቻቸው እዚህ ጭስና ጩኸት ውስጥ ምን ትሠራላችሁ ብለው ለምነዋቸው ሰልችቷቸዋል። ጋራዥ ያለው የትልቋ እማዬ ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ ቤት ሠርቷል፣ ለእናቱም ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ለይቶላታል። "እንሂድ" ባላት ቁጥር መልሷ አንድ ነው።

"እህቴን ለማን ትቼ?"

በቃ፣ እዚያ ላይ ወሬው ያልቃል። ሁለቱን አሮጊቶች እዚያ የያዛቸው ርስትም አይደለም፣ ግትርነትም አይደለም። አንዷ ወደ ሌላዋ መሻገር ስለምትችል ብቻ ነው።

እንዴት ይሻገሩ ነበር? መኪናው ቆሞ ነዋ! ይህን ልብ በሉልኝ። እማዬ ከሰዓት በኋላ መጨናነቁ ጥግ ሲደርስ ጠብቃ ከበሯ ትወጣለች። ዜብራው ሩቅ ነው፤ እዚያ ድረስ ሄዳ መመለስ ለጉልበቷ አይሆንም። ምርኩዟን ከፍ ታደርግና በቆሙት መኪኖች መካከል ቀስ እያለች ትገባለች። የመኪናውን አፍንጫ በመዳፏ ደገፍ ትላለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። በመስመሩ የሚመላለሱት ሾፌሮች ሁሉ ያውቋታል።

"እማማ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ፤ እኛም አርፈናል!" ይላታል አንዱ የታክሲ ሾፌር ከመስኮቱ ብቅ ብሎ።

"የእናንተ እንኳ ዕረፍት አይደለም ልጄ፣ እስራት ነው" ትለዋለች።

የታክሲው ሰው ሁሉ ይስቃል። አንዳንዴ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ስለ አንዱ ሾፌር ሚስት ጤና ትጠይቃለች፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ትመክራለች። ማንም አይቸኩልባትም። ወዴት ይቸኩላል?

አጥኚዋ ግን ይህን ባየች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል። "እማዬ፣ አንድ ቀን ትገጪያለሽ! ዜብራ ለምን የተሠራ ይመስልሻል?" ትላለች። እማዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በማግስቱ ምርኩዟን ታነሳለች። አንድም ቀን ተገጭታ አታውቅም። የቆመ መኪና እንዴት ብሎ ይገጫል?

ጥናቱ ተጀመረ። የእግረኛ ቆጠራ አንዱ ክፍል ነው። እንደ አሠራሩ ቆጣሪዎቹ የሚቆሙት በዜብራዎቹና በአውቶቡስ ፌርማታዎቹ ላይ ነው። ከዚያ ውጪ የሚሻገር ሰው ተሻጋሪ አይባልም፤ ደንብ ተላላፊ ነው፣ ነገሩም የሚነሳው ስለ አደጋ በሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ይህን አሠራር አጥኚዋ አልፈጠረችውም፤ ከሷ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነው የሠሩት። ደግሞም አይፈረድባቸውም፤ በየመኪናው ሥር ሰው እየፈለጉ መቁጠር ይቻላል እንዴ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ቆጣሪ ጋር በእናቷ ቤት አቅራቢያ ባለው ፌርማታ ቆመው ሲነጋገሩ እማዬ ከበሯ ወጣች። ምርኩዟን አነሳች፣ ልጇን ስታይ ደግሞ በምርኩዙ ሰላም አለቻትና መኪኖቹ መካከል ገባች። ከኋላዋ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ተከተለች፣ ከዚያ ዳቦ የያዘ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሁለት ተማሪዎች። ቆጣሪዋ ለሥራዋ የምትጠነቀቅ ሴት ነበረችና ግራ ገባት።

"እንዲህ የሚሻገሩትን የት ነው የምመዘግባቸው?"

አጥኚዋ ከት ብላ ሳቀች። "ይቺንማ አትቁጠሪያት፤ እናቴ ናት" አለች።

ሁለቱም ሳቁ። እዚያው ቀረ። ሪፖርቱ ሲጻፍም መንገዱ መስፋቱ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች መካከል "በመኪኖች መካከል የሚደረገው አደገኛ መሻገር ሙሉ በሙሉ ይቀራል" የሚል ዓረፍተ ነገር በገዛ እጇ ጻፈች። ስትጽፈው ደስ እያላት ነበር፤ እናቷን ከሞት ያዳነች መስሏት ነበር።

ከዚያ ነዋሪው የሚሰማበት ስብሰባ ተጠራ፤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ሰዉ ጢም ብሎ ሞላ። አንዱ ስለ አጥሩ ጠየቀ፣ አንዱ ስለ ውሃ ቧንቧው፣ አንዱ የሚናገረው ባይኖረውም ማይክ ይዞ ሲንዛዛ ዋለ። እንዲህ ያለ ሰው የማይጠፋበት ስብሰባ የለም። በመጨረሻ ትልቋ እማዬ እጇን አወጣች። ማይኩን አልያዘችም፤ ጆሮው ደከም ያለ ሰው መቼም ድምፁ አያንስም።

"እኔና እህቴ በየት በኩል ነው የምንገናኘው?"

አጥኚዋ ተነስታ ሥዕሉን አሳየቻት። በሁለቱ ቤቶች አቅራቢያ የእግረኛ ድልድይ አለ። ደረጃ ብቻ አይደለም፤ በጎኑ ለጋሪና ለአዛውንት የሚሆን ለስለስ ያለ ተዳፋት መወጣጫ አለው። ወደ አክስቷ ጆሮ ጠጋ ብላ ጮክ አድርጋ አስረዳቻት።

"እንዲያው እየተራመድን እንወጣለን?"

"እየተራመዳችሁ፣ እያወራችሁ።"

ትልቋ እማዬ ወደ ሰዉ ዞረች። "በቃ፣ የኔ ልጅ ካለች አለች ነው" ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበም። አጥኚዋ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

እስከዚህ ድረስ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ጣጣው የመጣው በዛፎቹ ነው።

በእማዬ በኩል በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ያረጁ ትላልቅ ዛፎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዲዛይን ሁሉም ይቆረጣሉ። አጥኚዋ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ከዲዛይን ክፍሉ ኢንጂነር ጋር ተፋጠጠች።

"ታዲያ መንገዱን ወዴት ልውሰደው? ሰማይ ላይ?" አላት።

"ወዲያ ማዶ አስጠጋው።"

"ወዲያ ማዶ እኮ ቦታ የለም!"

"ይፈለጋል።"

ስንት ስብሰባ፣ ስንት ጭቅጭቅ! ያልወጣችበት ቢሮ፣ ያላንኳኳችው በር የለም። በሬዲዮ ቀርባ ስለ ጥላና ስለ ንጹሕ አየር ተናገረች። በመጨረሻ ተሳካላትና መንገዱ ወደ ትልቋ እማዬ በኩል እንዲጠጋ ተወሰነ። የቢሮው ሰዎች ከዚያ ወዲያ "ወይዘሮ ዛፍ" ነው የሚሏት። እሷም ስሙን አልጠላችውም፤ እንዲያውም ሰው ሲጠራት ሰምታ ዘወር የምትለው ፈገግ ብላ ነበር።

የተሻሻለው ሥዕል ሲመጣ ዛፎቹ በቦታቸው አሉ፣ ድልድዩም በቦታው አለ። ተዳፋቱ ግን የለም። በሁለቱም በኩል ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ብቻ። ሥዕሉን ይዛ ወደ ኢንጂነሩ ሄደች።

"መወጣጫውስ?"

"ቦታውን ዛፎችሽ በሉት" አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል። "ወዲያ ማዶ ለመወጣጫው የተተወው ቦታ አሁን መኪና የሚሄድበት መስመር ሆኗል። በአንድ በኩል ብቻ መወጣጫ ተሠርቶ ደግሞ ምን ያደርጋል?"

"ለነዋሪው ቃል ገብተናል እኮ።"

"በሁለተኛው ዙር ሊፍት ይገባል። ካልተስማማሽ አስተያየትሽን ጻፊ፤ ሁሉም እንደገና ይከፈታል። ዛፉም ጭምር።"

ዛፉም ጭምር የሚለው ነገር አጥኚዋን አስደነገጣት። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ በሬዲዮ የተናገረችው ሁሉ ውሃ ሊበላው ነው። ሊፍት ይገባል ተብሏል፤ ለምን አይገባም? ሥዕሉን ጠቅልላ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች፣ አስተያየትም አልጻፈችም። ለእማዬ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል ሥራው ተጀመረ። ቁፋሮው፣ አቧራው፣ ዙሪያው የታጠረው ቆርቆሮ ሁሉን ሰው ለጊዜው ለያየና እህትማማቾቹም ልማት ነው ብለው ታገሡ።

መንገዱ ሲከፈት እውነት ለመናገር ያምር ነበር። አስፋልቱ ጥቁር፣ መስመሩ ነጭ፣ መኪናው እንደ ውሃ ይፈሳል። መሀሉ ላይ በኮንክሪት አካፋይ ተለይቷል፣ አካፋዩ ላይ ደግሞ ብረት ተተክሏል። እማዬ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እንደ ልማዷ ምርኩዟን ከፍ አደረገች። የቆመላት የለም። አንድ የሚያውቃት የታክሲ ሾፌር "እማማ!" ብሎ ጮኸ፤ ጠርቶ ሳይጨርስ አልፏት ሄደ። የሚወደውን ሰው በዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ ሰላም ማለት ከዚህ በላይ አይቻልም።

ከዚያ ደረጃውን ሞከረች። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ተብረከረከ፤ እዚያው ተቀመጠች። መውረዱ ከመውጣቱ ባሰ። ሰዎች ደግፈው ወደ ኋላ እያስኬዱ አወረዷት። አጥኚዋ ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው፤ እናቷ አልነገረቻትም። ስትሰማ የምትገባበት ጠፋት። ሊፍቱን ልትጠይቅ ሄደች፤ ሁለተኛው ዙር ገና አልተያዘም አሏት። ደግማ ሄደች። ሦስተኛ ስትሄድ የሚያናግራትም አላገኘች። ሊፍቱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን በመኪና ትወስዳት ጀመር። ፊት ለፊት ወደሚታየው ቤት ለመድረስ አደባባዩ ድረስ ሄዶ፣ ዞሮ፣ በሌላው በኩል መመለስ ነው። እማዬ በመኪናው መስኮት የእህቷን በር አልፋ ስትሄድ "ያውና!" ትላለች፣ ሁልጊዜ። ሲደርሱ ደግሞ ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ድሮ እማዬ ነጠላ ጫማ አድርጋ ዘው የምትልበት ቤት ነበር፤ አሁን ለብሳ ተሽቀርቅራ፣ በልጇ ታጅባ የምትመጣ እንግዳ ሆነች። ትልቋ እማዬም ወንበሩን ጠርጋ ትጠብቃታለች። መጣላት ቀረ። በሳምንት አንዴ ለሚገናኝ ሰው ጠብ አይመቸውም። ክር የገባለት መርፌ ሰኞ ማክሰኞ ያልቅና ስፌቱ እስከ ቅዳሜ ይቆማል። አጥኚዋ ለመስክ ሥራ ስትወጣ ቅዳሜም ይዘለላል። ስልክ ቢሞከር ትልቋ እማዬ "ማን ልበል?" ከማለት ሌላ የምትሰማው የለም።

ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱም በየበራቸው ይወጡ ነበር። እማዬ ከዛፎቹ አንዱ ሥር ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች፤ ወዲያ ማዶ እህቷ ደጃፏ ላይ ትቆማለች። እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንድ ቀን አጥኚዋ እናቷን እዚያው ተቀምጣ አገኘቻት።

"ዛፎቹን አንቺ ነሽ አሉ ያስተረፍሻቸው?" አለቻት እማዬ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ተባረኪ። ይኼ ጥላ ባይኖር ፀሐዩ አያስቀምጠኝም ነበር፤ እሷንም አላያትም።"

አጥኚዋ ያኔ ልትነግራት አፏን ከፈተች። የተዳፋቱን ቦታ የበላው ይኸው ጥላ ነው፣ እኔ አውቄ ዝም ብያለሁ፣ ልትል። ወዲያ ማዶ ያለችው አሮጊት እጇን ስታነሳ፣ እማዬም ፊቷ በርቶ እጇን ስታነሳ አየች። አፏን መልሳ ዘጋች። እስከ ዛሬም አልነገረቻትም። ሰዎች "ወይዘሮ ዛፍ" ሲሏት ግን አሁን ዘወር አትልም፤ ያልሰማች መስላ ታልፋለች።

ትልቋ እማዬ እሺ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጇ እንደ ወትሮው "እንሂድ" ሲላት፣ እንደ ወትሮው "እህቴን ለማን ትቼ?" ትላለች ብሎ ሲጠብቅ፣ "እዚያስ ብሆን ያው ቅዳሜ ቅዳሜ አይደል የምትመጣው?" አለችው። ልጁ የሚናፍቀውን መልስ ካገኘ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲከፋው ዋለ። ለአጥኚዋ ራሱ ነው የነገራት። አዲሱ ሰፈር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደረስበት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ዕቃው የሚጫንበት ቀን ተቆረጠ። አጥኚዋ ጠዋት እናቷን ወስዳ ሁለቱ እንዲሰነባበቱ ልታደርግ ነበር። ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ስትደርስ የጭነት መኪናው ወዲያ ማዶ ቆሟል፣ ዕቃው ተጭኖ አልቋል፣ ሸራው እየታሰረ ነው። እዚያ መንገድ ላይ መቆም ስለማይፈቀድ ትራፊክ ፖሊሱ ቶሎ እንዲያነሱ አስቸኩሏቸው ኖሯል። እማዬ በሯ ላይ ቆማለች።

"እማዬ፣ ነይ ግቢ! ዞረን እንድረስባት!"

"እስክንዞር ትሄዳለች።"

"ደውዬ አስቆማቸዋለሁ!"

"ፖሊሱ ቆሞባቸው የት ይቆማሉ? ተዪኝ፤ ባይሆን ልያት።"

ትልቋ እማዬ ልጇ ክንዷን ይዟት ወደ መኪናው በር ደርሳለች። ከመውጣቷ በፊት ወደዚህ ዞረች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ተናገረች። አውቶቡስ መሀል ገባ። አለፈ። ደግማ ተናገረች፣ አሁን ረዘም ያለ ነገር ነው። መኪናው ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ አሮጊቷ ትታያለች፣ ትጠፋለች፣ ትታያለች። አጥኚዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መኪና እንኳ ተበላሽቶ መሀል መንገድ ላይ ቢቆም ብላ ተመኘች። ሁሉም ደህና ነበሩ። እማዬ ምርኩዟን ደረቷ ላይ አስጠግታ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ትልቋ እማዬ አየቻት። ከዚያ ልጇ ደግፎ አወጣት፣ በሩ ተዘጋ፣ መኪናውም ሳይንገራገጭ መስመሩ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ከዓይን ጠፋ።

አጥኚዋ ከእናቷ ጎን መጥታ ቆመች።

"ምን አለችሽ?"

"አልሰማሁም።"

"ታዲያ እሺ፣ እሺ ስትይ የነበረው?"

እማዬ ዓይኗን ከመንገዱ ላይ አላነሳችም።

"እሺ ካላልኳትማ እዚያው ቆማ ትቀራለቻ።"